ከአልጋ እስከ ደጃፍ

በአገራችን ልማድ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ክብር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገለጸው ከተኛበት እንዳይነሣ በመከልከል ነው። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በየቡም ሆነ በጅማ ከተማ በሂርማታ ሰፈር፣ የቤቱ አባወራ ድንገት ግማሽ ጎኑን ተመትቶ፣ አፉ ተጣምሞ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሱ ተርፋ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ልጆቹ ትራሱን ያመቻቻሉ፣ ሚስቱ በእጇ ታጎርሰዋለች፣ ጎረቤቱና የእድሩ ሰው ተራ በተራ እየገባ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ደኅነኛ እግሩን ወደ መሬት ለማውረድ የሞከረ እንደ ሆነ «አባባ፣ አይነሡ እንጂ፤ እኛ እያለን!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይነሣበታል። በዚህ ፍቅር ውስጥ አንዳች ክፋት አይገኝም። ሆኖም ስትሮክ ከሚባለው ምት የተረፈ ሰው ዳግመኛ ቆሞ እንዳይሄድ ከሚያደርጉት መሰናክሎች መካከል፣ ከመድኀኒትና ከመሣሪያ እጦት ባላነሰ የሚጎዳው ይህ በርኅራኄ የተሸፈነ እስር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ያልታዘዘ ጡንቻ ይከሳል፣ ያልታጠፈ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ሥራ ያጣ የአንጎል ክፍልም ትእዛዝ የመስጠት ልማዱን ይረሳልና።

የዚህ ደዌ ታላቁ የታሪክ ምስክር በቤተ መንግሥታችን ይገኛል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ሕመሙ ጠንቶባቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ ጠበል ወረዱ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽነት አሳወጁ፤ በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የደረሰባቸው ከባድ ምት ግን አካላቸውንም አንደበታቸውንም አስሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስ ከአራት ዓመት በላይ የአልጋ ቁራኛ አደረጋቸው። ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞችም፣ የካህናት ጸሎትም፣ የባለሟሎች እንክብካቤም አልተለዩአቸውም ነበር። ያልነበረው አንድ ነገር ነው፤ የተመታን አካል ቀስ በቀስ ወደ ሥራው የሚመልሰው ጥበብ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ቀርቶ በአውሮፓም ገና በጅምር ላይ ነበር። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1868፣ በ45 ዓመቱ፣ ግራ ጎኑን ከተመታ በኋላ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ ከ17 ዓመት በኋላ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለሰው ማብቃቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የፓስተር ምት እንደ ንጉሠ ነገሥቱ የከፋ አልነበረም፣ ሁለቱን ማነጻጸርም ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ደዌው ቀድሞ የነገሥታትና የባለጸጎች ብቻ ይመስል ነበር። ሊቀ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1970ዎቹ ማብቂያ በቡታጅራ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ባስመረመሩ ጊዜ፣ በምት ምክንያት ግማሽ ጎኑ የሰነፈ ሰው የተገኘው ከመቶ ሺህ 15 ያህል ብቻ ነበር። አኃዙ ማነሱ የሚመቱት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ብቻ ሳይሆን፣ የተመቱት ለመቈጠር እስኪበቁ ድረስ በሕይወት ስለማይቆዩም ሊሆን ይችላል። ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ለወራሪው ወታደሮች ተብሎ በተመሠረተው በዚያ ሆስፒታል፣ ለዚሁ በሽታ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ወደዚህ ክፍል በ2009 ዓ.ም. ከመጋቢት መባቻ ጀምሮ በአራት ወር ውስጥ በገቡ 116 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ የዕድሜያቸው አማካይ 55 ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የደም ግፊት ነበረባቸው፤ 48 ከመቶው የደም ሥር ፈንድቶ ደም በአንጎላቸው ውስጥ የፈሰሰባቸው፣ የቀሩት ደግሞ የደም ሥር የተዘጋባቸው ነበሩ። ከ116ቱ 25ቱ በሆስፒታሉ ሳሉ ዐረፉ፤ 91ዱ በሕይወት ወጡ። ስለ ሟቾቹ የጤና መሥሪያ ቤቶችም ጋዜጦችም በየጊዜው ይናገራሉ፤ የዚህ ሐተታ ነገር ግን ስለ 91ዱ ነው፤ በ55 ዓመቱ፣ ልጆቹን ሳያሳድግ፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ፣ በሌላ ሰው ትከሻ ተደግፎ ወደ ቤቱ ስለሚገባው ሰው።

ቆሞ መሄድ ቀላል የሚመስለው ሳይወድቅ ለኖረ ሰው ነው። አንጎል ሰውነታችን ወዴት እንዳዘነበለ የሚያውቀው በሦስት ምስክሮች ቃል ነው፤ አንደኛው ዐይን ነው፤ ሁለተኛው በውስጠኛው ጆሮ የተሠወረው የሚዛን ሕዋስ ነው፤ ሦስተኛው ከእግር መርገጫ፣ ከቍርጭምጭሚትና ከጉልበት ወደ ላይ የሚደርሰው ስሜት ነው። ዳኛው የሦስቱን ቃል በቅጽበት አነጻጽሮ ለጡንቻዎች ፍርዱን ያስተላልፋል፤ ባለቤቱ ግን ችሎቱ መሰየሙንም አያውቅ። ምት የመጣ እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ምስክሩ ዝም ይላል፤ እግሩ መሬት እየረገጠ ሰውየው መርገጡን አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ ዳኛው ራሱ ይቈስላል፤ ይህም በተለይ በራስ ቅል ውስጥ በስተ ኋላ ያለው ንዑስ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ ጡንቻው ኀይል ሳያጣ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ከሁሉ የሚያስደንቀውና ዘመድን ግራ የሚያጋባው ደግሞ፣ አንዳንድ ሕሙማን ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን እንደ መውደቅ ቈጥረው በደኅነኛው እጃቸው ራሳቸውን ወደ ሰነፈው ጎን እየገፉ የሚያዘነብሉ መሆናቸው ነው፤ ሊያቃናቸው የሚሞክረውን ሰው በሙሉ ኀይላቸው ይቃወማሉ፤ ቤተሰቡም ይህን ወይ እልህ ወይ የመንፈስ ሥራ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በግድ መሳብ አይረዳውም፤ የሚረዳው የበሩን መቃን ወይም የቤቱን ምሰሶ እያየ ቀጥታ የሆነውን መስመር በዐይኑ እንዲማር ማድረግ ነው።

በብዙዎቹ ዘንድ ግን ነገሩ ከዚህ የቀለለ ነው። ሰውየው ክብደቱን በሙሉ በደኅነኛው እግሩ ላይ ይጥላል፤ የሰነፈው እግር ጫፉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል መሬቱን እንዳይነካ ከዳሌው ወደ ውጭ ክብ እየሠራ ይወረውረዋል፤ አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ፍርሀት ከደዌው በላይ ያስረዋል። ስለዚህ የሥልጠናው ሥር አንድ ነው፤ ክብደትን ወደ ተጠላው እግር መመለስ።

መቼ ይጀመር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከተጠበቀው ይልቅ ረቂቅ ነው። አብዛኛው ኀይል የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ መንገዱ ይዘገያል እንጂ አይዘጋም። ይህን በማሰብ በአምስት አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች፣ 2104 ሕሙማንን ያቀፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ ታላቅ ምርመራ ተደርጎ ነበር፤ ሰው በተመታ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞና ጠበቅ አድርጎ ማስነሣት ይበልጥ ይጠቅማል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በደኅና ሁኔታ የተገኙት ከተለመደው አያያዝ በጥቂቱ አንሰው ተገኙ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ይተኛ» የሚል ሰው ግን ነገሩን በግማሹ ሰምቷል፤ የተለመደው አያያዝ ከተሰጣቸውም ወገን አብዛኞቹ ቀንና ሌሊቱ ሳይሞላ ከአልጋ ወርደው ነበርና። ክርክሩ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ይነሣ ወይስ ጥቂት የሚል ነው፤ እኛ አገር ግን ሰው ወር ሙሉ ይተኛል።

መንገዱ ዘግይቶም እንደማይዘጋ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ ያስተምር የነበረ ፔድሮ ባክ ኢ ሪታ የሚባል የ65 ዓመት መምህርና ባለቅኔ ተመታ፤ መናገርም መራመድም ተሳነው፤ የተለመደው ሕክምና ተደርጎለት ለውጥ ባለማሳየቱ የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ ተነገረ። የሕክምና ተማሪ የነበረው ልጁ ጆርጅ ግን ወደ ሜክሲኮ ወደ ቤቱ ወሰደውና መራመድን ከማስተማሩ በፊት መዳህን አስተማረው፤ ሽማግሌው ትከሻውን በግድግዳ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን ለብዙ ወር ዳኸ፤ በወለል ላይ የሚንከባለል ብይ ያሳድድ፣ በሰነፈው እጁ ድስት ያጥብ ነበር። ጎረቤት የተከበረ ሰው እንዲህ መዋረዱን አይቶ አዘነ፤ እኛስ ብንሆን ምን ባልን ነበር? ሰውየው ግን ከዳሀ በኋላ በጉልበቱ ቆመ፣ ከዚያ በእግሩ፣ በመጨረሻም ወደ ማስተማሩ ተመልሶ ከዓመታት በኋላ በተራራ ላይ ሲጓዝ በልብ ሕመም ሞተ። አስክሬኑ በተመረመረ ጊዜ በአንጎሉ ላይ የደረሰው ታላቅ ጉዳት ሳይጠገን እንዳለ ተገኘ፤ ከጉዳቱ የተረፈው ክፍል የጠፋውን ሥራ ተክቶ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ልጁ ፖል ይህን ካየ በኋላ አንጎል ራሱን እንዴት እንደሚያድስ በመመራመር ዕድሜውን ፈጸመ። ይህ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ለሁሉ ሰው ተስፋ አድርጎ መስጠት ሐሰት ይሆናል፤ ብዙዎች የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ከምርኩዝ አይላቀቁም።

እርግጠኛ ነገር የሚፈልግ ሰው ወደ ብዙ ሰዎች ምርመራ መሄድ ይገባዋል፤ በዚህም ረገድ ሁለት ጥናቶች ለጅማ የተጻፉ ይመስል ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው በአሜሪካ 408 ሕሙማንን ከፍሎ፣ ከፊሎቹን በማሰሪያ አንጠልጥሎ በሚሽከረከር የመራመጃ ማሽን ላይ፣ ከፊሎቹን ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ኀይልንና ሚዛንን በሚያጸና እንቅስቃሴ አሠለጠነ፤ በዓመቱ ሲታይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ በአካሄዳቸው ከፍ ወዳለ ደረጃ ደረሱ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሞ የወጣ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 ከህንድ የመጣ ነው፤ በ14 ሆስፒታሎች ከ1250 ሕሙማን የግማሾቹ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያሠለጥን በባለሙያ ተምሮ ሥራው በቤት ተተወለት፤ በስድስተኛው ወር የሞቱትና በሰው እጅ የሚኖሩት ከዚህም ከዚያም ወገን እኩል 47 ከመቶ ሆኑ። አገሩም፣ የሥልጠናው መጠንም የተለያየ ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም፤ ቢሆንም ከሁለቱ የማወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ውድ ማሽን ስለሌለን ምንም ማድረግ አንችልም የሚለው ሰበብ ፈርሷል፤ ነገሩን ሁሉ ለዘመድ ፍቅር ጥሎ መገላገልም አይቻልም። የሚያስፈልገው ማሽኑ ሳይሆን፣ ዐዋቂ ሆኖ ወደ ቤት ደጋግሞ የሚመጣው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ወደ አንድ የቡና ገበሬ ቤት ቢገባ ምን ያገኛል? ብዙ ነገር። በመኸር ጊዜ በየግቢው ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት የተሠራው የቡና ማድረቂያ አልጋ ከወገብ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሕመምተኛው የሰነፈ እጁን በአልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ በደኅነኛው እጁ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀመ ወደ ሰነፈው ጎኑ በተቀመጠ ሰፌድ ቢጥል፣ ባለሙያው በከተማ ክፍል ውስጥ በስንት ድካም የሚያሠራውን ክብደት የማዛወር ሥራ በገዛ ቡናው ላይ ይፈጽማል፤ ከዚያም በላይ ለቤቱ ሥራ የሠራ ሰው ነው፣ ቀኑንም የሚቈጥረው በልቡ ደስ እያለው ነው። ከሕመምተኛው ጀርባ በቅርብ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ያስፈልጋል፤ የሚቆመውም በሰነፈው ጎን ነው።

በዚያው ቤት የሚጎዳውም አይታጣ። ቡና የሚጠጣበት በርጩማ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከእርሱ መነሣት ጉልበቱ ለደከመ ሰው ትልቅ ፈተና ነው፤ ስለዚህ ከከፍተኛ ወንበር ተነሥቶ መቀመጥን ተለማምዶ፣ ጉልበቱ ሲጸና ወንበሩን ዝቅ እያደረጉ መሄድ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚሉበት ነው፤ አናጢ በአንድ ቀን ከእንጨት የሚሠራው መቀመጫና በግራ ቀኝ የሚተከል ሁለት ቋሚ ብዙ ውድቀት ያድናል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ቀዩ ጭቃም ጤነኛውን ያንሸራትታል፤ ከደጃፍ እስከ ሽንት ቤት ጠጠር ማፍሰስና የባሕር ዛፍ መያዣ መዘርጋት በክረምት መግቢያ መሠራት ያለበት ነው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ደግሞ በፍቅር የሚሠራው ነው፤ ሕመምተኛውን ለማስነሣት የሰነፈውን ክንድ መሳብ። ትከሻውን በቦታው የሚይዘው ጡንቻ ስለ ሰነፈ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፣ ቀን ሥልጠናን ያስጠላል። መያዝ የሚገባው በወገቡ፣ በመቀነቱ ላይ ነው። ምርኩዝም በደኅነኛው እጅ ይያዛል እንጂ በሰነፈው ጎን አይደለም፤ ቁመቱም እጅ ወደ ታች ሲለቀቅ እስከ አንጓ የሚደርስ ነው። አንዳንድ አረጋውያን በቤተ ክርስቲያን የለመዱትን መቋሚያ ይመርጣሉ፤ መቋሚያ ግን ለረጅም ጸሎት ቆሞ ለሚያድር ጤነኛ የተበጀ ስለ ሆነ ቁመቱ ከብብት በታች ደርሶ ሰውነትን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ለቅዳሴ ይሁን፣ ለመንገድ ግን አጭሩ ይሻላል።

መቋሚያን ካነሣሁ ዘንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሰንበት በመፃጉዕ ስም መሰየሟን ሳላነሣ አላልፍም። ያ 38 ዓመት የታመመ ሰው በመጠመቂያው ዳር የቀረው ውኃው ስለራቀው አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ስላጣ ነበር። ስለዚህ በጠበልና በሆስፒታል መካከል ጠብ ማንሣት አላስፈላጊ ይመስለኛል፤ ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ ወደ ጠበሉም በተቻለው መጠን በእግሩ ይራመድ። በጅማ ዙሪያ በሚበዙት ሙስሊሞች ዘንድም መቆም ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚመጣው የሶላት ሰዓት ከተቀመጡበት ለመነሣት ማስታወሻ የሚሆን ሥርዓት ነው፣ ባለሙያው ከኢማሙ ጋር ቢነጋገርበት ትርፉ ብዙ ነው።

ዳግመኛ ምት እንዳይመጣም መጠንቀቅ ይገባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ድካም ሁሉ ያፈርሳልና። የደም ግፊት መድኀኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም። በገጠሩ ቡናን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ቡናውን ማንም አልከለከለም፣ ጨዉ ግን መቅረት አለበት። የጫትም ነገር ግፊትን ከፍ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ በዚህ አገር ይህን መናገር ምን ያህል እንደሚያስቀይም ባውቅም።

እንግዲህ ያ ወደ ቤት የሚመጣው ዐዋቂ ከየት ይምጣ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በዲግሪ ማሠልጠን በአገራችን የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ ሙያው ገና ወጣት ነው፤ በየወረዳው አንድ ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅም የዛሬውን ሕመምተኛ አያስነሣም። ጅማ ግን የቆየ ቅርስ አላት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1970ዎቹ ሲቋቋም፣ በኋላም በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መሠረቱ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ነበር፤ ከተለያየ የጤና ሙያ የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ከተሞች በጤና ጣቢያ ለሳምንታት እያደሩ ቤት ለቤት ይሠራሉ። ይህ ቡድን ወባንና ክትባትን፣ የውኃን ንጽሕናና የእናቶችን ጤና ሲያይ ኖሯል። ከሆስፒታሉ የምት ክፍል የወጡትን ሰዎች ስም ከነቀበሌያቸው ይዞ ቢሄድስ? ጤና ጣቢያው ቅጂውን ቢቀበል፣ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከዚያ ተቀብለው ቡድኑ በሌለበት ጊዜ ቢቀጥሉበት፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ ማሽንም አያስፈልግም።

ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ነገር በታሰበ ቁጥር የሚጫነው በእነርሱ ትከሻ ነው። ስለዚህ የሚጠየቁት ጥቂት መሆን አለበት፤ ግፊቱን መለካት፣ ሰውየው ካለፈው ጕብኝት ወዲህ ወድቆ እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ከወንበር ሲነሣ ማየት፣ የባሰበትን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። የቀረውን ተማሪዎቹና አስተማሪዎቻቸው ይሥሩት፤ የሚሰጡትም ወረቀት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል ይሁን። ሥልጠናው በሚሰጥበት ዕለት በአልጋው ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎችና የእድር ዳኞች ናቸው፤ በማግስቱ ሕመምተኛውን የምታነሣው ግን በአብዛኛው ቤት ሴት ልጁ ወይም ምራቱ ናት፣ በዚያች ሰዓትም ወይ ማጀት ወይ ቡና ለቀማ ላይ ትሆናለች፤ አሠልጣኙ እርሷ እስክትመጣ ቆይቶ፣ በመቀነቱ እንዴት እንደሚያዝ በእርሷ እጅ ሳያስሞክር እንዳይሄድ።